የሐሙስ ዱቄት

ባለወፍጮው ደምሴ ከደብረ ታቦር በታች ባለው የውሃ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ የተመታው ድንጋዩን በሚወቅርበት በገዛ መዶሻው ነበር። የጣሊያኑ መቶ አለቃ በማግስቱ አርብ የወፍጮው ተራ ያላቸውን ሦስት ሰዎች አስያዘና በአስተርጓሚ አስነገረ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገዳዩ ካልታወቀ ሦስቱም ይሰቀላሉ። ችሎት በፈረሰበት ዘመን ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከወዴት ይመጣል።

ነገሩን እንዲያጣራ የተጠራው ነገረ ፈጅ ፈንታሁን ነው። በደህናው ጊዜ ስንቱን ሐሰተኛ ምስክር ያፋጠጠ ሽማግሌ፣ ዛሬ የቀረው የነቃ አእምሮና ሌት ተቀን የሚጠዘጥዘው አንድ መንጋጋ ብቻ ነው። እምቢ ማለት አማረው። ግን የተራውን ውል የጻፈው እሱ ራሱ ስለሆነ ከዘራውን አንስቶ ወደ ወፍጮው ወረደ።

ውሉ ክፉ ውል ነበር። ተራ የገዛ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይፈጫል፤ ፈጨም አልፈጨም በየዓመቱ ሁለት ዳውላ እህል ይሰፍራል፤ ሲሞት ግዴታው ለልጆቹ ይተላለፋል። ወረቀቱ ከደምሴ ሳጥን ጠፍቷል።

በመጀመሪያ ባሏ የሞተባት ጥሩወርቅ ተጠየቀች።

«ማክሰኞ በተራዬ ፈጨሁ። ከዚያ ወዲህ ደጁንም አልረገጥኩ። ልቀቁኝ ብዬ ስንቴ ባለወፍጮው እግር ላይ ወደቅሁ፤ ውል ነው አሉኝ።»

የጨው ነጋዴው ሙሳ አላቅማማም። «ከሰኔ ወዲህ እዚህ አንድ ቁና አላስፈጨሁም፤ ቤቴ በእጅ ወፍጮ ይፈጫል። ለማልነካው ወፍጮ እሰፍራለሁ። ሰውየውን እጠላው ነበር፤ አልዋሽዎትም። አልገደልኩትም።»

ሦስተኛው ሬሳውን ያገኘው ገበሬው ማሩ ነው።

«የፈጨሁት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ተዝካር ላይ ነበርኩ፤ ቄሱን ይጠይቁ። ወፍጮው እስከ ቀትር ሲያጓራ ያልሰማ የለም። ማታ ሳልፍ ዝም ብሏል። ገባሁ፤ ሞቶ አገኘሁት።»

ፈንታሁን ድንጋዩን ዳሰሰ። ጥርሱ አዲስ ነው፣ ጣት ይቧጥጣል። ከጎኑ አፉ የታሰረ የእንክርዳድ ከረጢት ተቀምጧል።

«ድንጋዩ መቼ ተወቀረ?» ሲል የሟቹን ሚስት ውዴን ጠየቃት።

«ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ልወቅር ብሎ ወጣ። ሲወቅር መጀመሪያ እንክርዳድ ፈጭቶ አሸዋውን ካላጠራ የሰው እህል አያስነካም ነበር።»

ፈንታሁን የሦስቱም የዱቄት ስልቻ ከየቤታቸው እንዲመጣ አዘዘ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወፍጮው ደጅ ተሰበሰቡ፤ መቶ አለቃው፣ አስተርጓሚው፣ ገመድ የያዙ ወታደሮች፣ የአገሩም ሽማግሌዎች። ፈንታሁን ከጥሩወርቅ ስልቻ ቆንጥሮ አላመጠ። ከሙሳም አላመጠ። ከማሩ ሲያላምጥ መንጋጋው ላይ ቀጭ አለበትና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይህ አሸዋ ነው» አለ። «አሸዋ የሚኖረው ድንጋዩ ገና እንደተወቀረ የተፈጨ ዱቄት ውስጥ ነው። የተወቀረው ሐሙስ ነው። የእንክርዳዱ ከረጢት አልተፈታም። እንግዲህ ማሩ፣ ዱቄትህ የረቡዕ አይደለም። ደምሴ ወቅሮ እንደጨረሰ በማለዳ ገደልከው፤ ሰው ደምሴ በሕይወት አለ እንዲል እህል ወደ ድንጋዩ የሚወርድበትን ማፍሰሻ በእህልህ ሞልተህ፣ እስከ ቀትር የሚበቃ የኩሬ ውሃ ለቀህ ተዝካር ሄድክ። ማታ ሬሳውን አገኘሁ ብለህ ከመጮህህ በፊት ዱቄትህን ሰበሰብክ። ለምን እዚያው አልተውከውም?»

ማሩ አንገቱን ደፋ። «የልጆቼ እህል ነው። እንዴት እጥለዋለሁ?»

ፈንታሁን እጁን ስልቻው ውስጥ ሰዶ በዱቄት የነጣ ወረቀት አወጣ፤ የጠፋው ውል ነበር።

«ልጆቼ እንዳይወርሱት ላቃጥለው ነበር» አለ ማሩ። «አናቱ ላይ በስመ አብ ተጽፏል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። የቀረውን ማንበብ አልችልም።»

ፈንታሁን የመጨረሻውን መስመር አነበበ። «ተራው የከበደው ሰው በሦስት ሽማግሌ ፊት መልሻለሁ ቢል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱም ልጆቹም ነጻ ናቸው።»

ይህን መስመር ደምሴ ለማንም አንብቦ አያውቅም።

«የጻፉት አንቱ ነዎት?» አለ ማሩ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

ፈንታሁን ወታደሮቹ የማሩን እጅ የኋሊት ሲያስሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና ሦስቱን ወደ ፊት ጠራ።

«በል ማሩ» አለው። «ለልጆችህ ስትል በል።»

«መልሻለሁ» አለ ማሩ።

ሽማግሌዎቹ ሰምተናል አሉ። ወታደሮቹም ወደ ምሽጋቸው ይዘውት ወጡ።