የውሰት ቫልቭ

«አኬዮ፣ ሐሙስ የሠራሽውን አይቻለሁ» አሉ ቲቸር ሪስፓ ከነጩ መኪናቸው እየወረዱ።

አኬዮ የያዘችው የቤንዚን ጣሳ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። «ይቅርታ ቲቸር፣ ሆን ብዬ አይደለም። ዝናቡ ድንገት መጣና…»

«የምን ዝናብ?» ቲቸር ሪስፓ ሳቁ። «የኬሚስትሪ ፈተናሽን ነው የምልሽ። ዘጠና አንድ! ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«እ… ምንም» አለች አኬዮ። ዓይኗን ከጣሳው አላነሳችም።

«በይ አባትሽን ጥሪልኝ። ይሄ መኪና ትናንት ከዚህ ከወጣ ጀምሮ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ኮንዴሌ አደባባይ ላይ ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። ከኋላዬ የነበረው የማታቱ ሾፌር ያልሰደበኝ ስድብ የለም።»

መጥራት አላስፈለገም። ባባ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተነስቷል። ኪሱሙ ውስጥ መካኒኩን ፉንዲ ኦዊቲን የማያውቅ ባለመኪና የለም፤ «ኮምፒውተር የለውም፣ ጆሮ ግን አለው» ይሉታል። ዛሬ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ሐሙስ ከሰዓት ለአጎቱ ልጅ ቀብር ኡጌንያ ሄዶ፣ የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው።

ኮፈኑን ከፈተና «አስነሺው» አላት።

አኬዮ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ሊጠፋ ሲል ተመለሰ።

«ነዳጅ ስጪው።»

ረገጠች። ድምፁ ወዲያው ተስተካከለ።

«ልቀቂው።»

እንደገና መንቀጥቀጥ።

«ሲሮጥ ጤነኛ፣ ሲቆም በሽተኛ» አለ ባባ። «የኦቾላ ታክሲ በሽታ ነው እኮ ይሄ!»

አኬዮ መሪውን እንደጨበጠች ቀረች።

ሐሙስ ዕለት የኦቾላ ታክሲ ልክ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ነበር የመጣው። ባባ የጠረጠረው ኢጂአሩን ነው፤ ከሞተሩ የወጣውን ጭስ ከፊሉን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን፣ ቡጢ የሚያክል ቫልቭ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ቫልቩ መዘጋት አለበት። ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ በገዛ ጭሱ ይታፈናል። ባባ ለማረጋገጥ የሰፈሩ ፉንዲዎች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ፍሬን ሊሠራለት ከቆመው ከቲቸር ሪስፓ መኪና ጤነኛውን ቫልቭ ፈትቶ ታክሲው ላይ አሰረው። የሁለቱ መኪኖች ሞተር አንድ ዓይነት ነው። ታክሲው ጸጥ አለ። በሽታው ታወቀ።

በባባ ጋራዥ የተዋሰ ዕቃ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ «እናቱን እንዳይረሳ»። ዕቃው ወደ እናቱ፣ ማለትም ወደ ወጣበት መኪና ተመልሶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ጨርቁ አይፈታም።

ከዚያ የቀብሩ ስልክ መጣ። ባባ አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻውን አቀበላትና «አንቺ መልሺው» አላት። ብቻዋን ሞተር ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር። የኦቾላን ቫልቭ እንዲያጸዳ የተነገረው የባባ ሸሪክ ኦሞሎ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ «ኢንጂነር! ለገና ይደርሳል?» እያለ ይስቅባት ጀመር። ቸኮለች። ጨርቁ ብሎኑ ላይ እየተጠመጠመ ሲያስቸግራት ፈታችው። ዝናቡ የወረደው ያኔ ነው። ሁለቱንም ቫልቮች በቀሚሷ ጠቅልላ ቆርቆሮው ሥር ሮጠች። ስታስቀምጣቸው ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም እርጥብ ነበሩ። የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋት። ውስጣቸውን ለማየት አልታገሰችም። ቀለል ያለ የመሰላትን የቲቸር መኪና ላይ፣ ሌላውን ታክሲው ላይ አሰረች። ሞተሮቹን አላስነሳችም። ማታ ባባ ደውሎ «አስነስተሽ ሰማሽው?» ሲላት ግን «አዎ ባባ፣ ጸጥ ብሏል» አለችው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቲቸር መኪና ፍሬኑ ተሠርቶ ከግቢው ወጥቷል። ኦቾላ ደግሞ ታክሲውን አስነስቶ «ኧረ ድኗል!» እያለ ይጮሃል። ኦሞሎም «እኔ ነኝ ያጸዳሁልህ» አለና የሶዳ ጉርሻውን ተቀበለ። ጤነኛው ቫልቭ ታክሲው ላይ እንደቀረ አኬዮ የገባት ያን ጊዜ ነው። ለማንም ሳትናገር አደረች።

አሁን ባባ ቫልቩን ፈትቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። መሃሉ ላይ ያለችው ዘንግ በጥላሸት ቅርፊት ተቀርቅራ፣ ክፍት እንደሆነች ቀርታለች። በካቻቢቴ ገፋት። ቤንዚን አፈሰሰባት፣ ፋቃት፣ መልሶ ገፋት። ወይ ፍንክች!

«ሐሙስ በዚህ እጄ ነው የፈታሁት» አለ። «ንጹሕ ነበር። በሁለት ቀን ይሄ ሁሉ ጥላሸት ከየት መጣ?»

ኦሞሎ ወደ መኪናው መስኮት ጎንበስ አለ። የቫልቮቹ መቀያየር እንዴት እንደገባው እንጃ፣ ገብቶታል። «ዝም በይ» አላት በሹክሹክታ። «ብረት ነው፣ ብረት ይሞታል። ካወራሽ ሁለታችንም አለቀልን። ከእንግዲህ መፍቻ የሚያስነካሽ ይመስልሻል?»

አኬዮ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። መፍቻው እዚያው ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ከእሷ አልተለየም፤ ትናንት ክፍል ውስጥ እንኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ባባ እጁን ጠራርጎ ቲቸር ሪስፓ ፊት ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቲቸር። ሐሙስ ይሄን ከእርስዎ መኪና ፈትቼ ሌላ መኪና ላይ ሞክሬው ነበር። ያ መኪና ጸጥ ያለ መስሎኝ፣ የታመመውን ጤነኛ ነው ብዬ አለፍኩት ማለት ነው።» ቫልቩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ ከዚያ አራቀው። «ዓይኔም ጆሮዬም ደክሟል እንግዲህ። አባቴንም በዚሁ ዕድሜው ነው የጀመረው። ኦሞሎ፣ ከሰኞ ጀምሮ በሽታ መፈለጉን አንተ ያዘው። እኔ ብሎን አጠብቃለሁ።»

ኦሞሎ መሬት መሬት እያየ «እሺ» አለ።

አኬዮ ባባ እንዲህ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ቫልቩን አሁንም እያገላበጠ ነው፤ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው። በሩን ከፍታ ወረደች።

«ባባ፣ ዓይንህም ጆሮህም ደህና ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«ያ የቲቸር ቫልቭ አይደለም። የኦቾላ ነው።» አኬዮ በእጁ ወዳለው ቫልቭ ጠቆመች። «ጨርቁን ቀድሜ ፈታሁት። ከዚያ ዝናብ መጣና የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሞተሩንም አላስነሳሁም። በስልክ የነገርኩህ ውሸት ነው።»

መንገዱ ላይ አንድ ተሳፋሪ የጫነ ማታቱ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ቲቸር ሪስፓ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ትናንት ከኋላዬ የነበረው ማታቱ ፍሬኑ ባይዝለት ኖሮስ፣ አኬዮ?» አሉ ቀስ ብለው።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ባባ ወደ ሸሪኩ ዞረ። «የኦቾላን እኔ አጸዳሁት አላልከኝም ዛሬ ጠዋት?»

«እንደው… ከላይ ከላዩን አበስ አድርጌው ነበር» አለ ኦሞሎ።

«ከላይ ከላዩን!» አለ ባባ። መዳፉን ወደ አኬዮ ዘረጋ። ምን እንደፈለገ አልጠየቀችም፤ መፍቻውን ከኪሷ አውጥታ አስቀመጠችለት። ብረቱ ከሰውነቷ ጋር ውሎ ሞቋል።

«እስከ ነሐሴ ዕረፍት የሞተር ዕቃ ታጥቢያለሽ።»

«እሺ፣ ባባ።»

«ከነሐሴ በኋላ ያለውን ያኔ እናያለን። ኦቾላ ጋ ደግሞ አንቺው ደውዪ። እኔ አልደውልልሽም።»

ደወለች። ኦቾላ ተሳፋሪ ጭኖ ቦንዶ ከተማ ነበር፤ ስልኩ ውስጥ የጮኸው ጩኸት ማንጎው ሥር ድረስ ተሰማ። አኬዮ እስኪጨርስ ጠብቃ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረችው።

ኦቾላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ባባ ጤነኛውን ቫልቭ ከታክሲው ፈታ፣ አኬዮ ቀዩን ጨርቅ አሰረችበት። ባባ የቲቸር ሪስፓ መኪና ላይ መልሶ አጠበቀውና ሞተሩን አስነሳ። አኬዮ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ጨርቁን ፈታች።