ሰማንያ ስምንት ለስልሳ አንድ

ፌንጣ የሚሏት ተማሪ የምርጫ ወረቀቶቹን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ለሦስተኛ ጊዜም ያው ሆነ፤ ሰማንያ ስምንት ለአዲሱ፣ ስልሳ አንድ ለአሮጌው።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ተቀምጧል። ሁሉም ከደብተር የተቀደዱ ቁርጥራጮች ናቸው። አንዳንዱ ላይ ልብ ተስሏል፤ አንዱ «መጋዝ ለዘላለም» ይላል፤ አንዱ ደግሞ «ሁለቱንም አልወድም፣ የኳስ ውጤት ንገሩን» ይላል። እሱን ለብቻው አስቀመጠችው።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዘወትር ዓርብ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። መክፈቻው የመጋዝ የድሮ ዘፈን ነው። መጋዝ ሃያ ዓመት የዘፈነ ራፐር ነው፤ ይህን ስም ያወጣለት ሻካራ ድምፁና ፍጥነቱ ነው። ዘንድሮ ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ አልበም ሲያወጣ ግቢው ለሁለት ተከፈለ።

«መጋዙ ዶልዱሟል!» አለ አንደኛው ወገን። «ድሮ በአንድ ትንፋሽ መዝገበ ቃላት ይጨርስ ነበር። አሁን በሁለት ቃል መሀል ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።»

«እናንተ ፋራዎች! ሰውዬው እስከ ሽምግልናው ይሩጥላችሁ?» አለ ሌላው።

ክርክሩ እየበዛ ሲሄድ ሚኒ ሚዲያው ተማሪው ድምፅ እንዲሰጥ ወሰነ። ያሸነፈው ዘፈን ከዚህ በኋላ የፕሮግራሙ መክፈቻ ይሆናል።

ለፌንጣ ግን ጉዳዩ የመጋዝ ብቻ አልነበረም። የመክፈቻውን ቅጂ የሠራው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ይማር በነበረ ጊዜ። ሲቀዳ የመጀመሪያዋን ሁለት ሰከንድ ሳይቆርጣት ረስቷት ኖሮ፣ ከዘፈኑ በፊት የሱ ድምፅ ይመጣል፦ «አንድ፣ ሁለት… ይሰማል?» አሁን ወንድሟ ሩቅ ከተማ ድልድይ ሲሠራ ብረት ይበይዳል። ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። ቤት ያለው ባዶ አልጋው ነው። ትምህርት ቤት ግን ድምፁ አለ። ፌንጣ ዓርብ ዓርብ የማሰራጫውን ቁልፍ ስትጫን ዓይኗን የምትጨፍነው ለዚህ ነው።

አዲሱን ዘፈን አንድም ቀን እስከ መጨረሻው ሰምታው አታውቅም። ለመራጮቹ ሲለቀቅ እንኳ ማዳመጫዋን አውልቃ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር።

እስክሪብቶ አነሳች። የውጤት ወረቀቱ ላይ ሰማንያ ስምንቱን ለአሮጌው፣ ስልሳ አንዱን ለአዲሱ ጻፈች። አንዴ እንኳ አላመነታችም። እሷን የገረማትም እሱ ነው።

ቆጠራው የሁለት ሰው ሥራ ነበር። የሚኒ ሚዲያ ጓደኛዋን ሁሉም «ዳኛ» ይሉታል፤ ኳስ ሲጫወት የራሱን ጥፋት ሳይቀር እጁን አውጥቶ የሚናገር ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት ጉንፋን አስተኝቶት ስለነበር ዓርብ ጠዋት አፍንጫውን እየጠረገ መጣና ወረቀቱን አየ።

«ወይ ጉድ! አሮጌው?» አለ። «እኔ አዲሱ ይበላል ብዬ ነበር።»

«እኔም» አለች ፌንጣ።

«የመረጡባቸው ወረቀቶችስ?»

«እማዬ ቆሻሻ መስለዋት ጣለቻቸው።»

ዳኛ አፍንጫውን እንደገና ጠረገ። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ ከፊርማዋ ስር ፈረመ።

ውጤቱ ሲነበብ ግማሹ ግቢ አፏጨ፤ ግማሹ ጮኸ። የእረፍቱ ሰዓት ሳያልቅ የዘጠነኛ «ለ» አለቃ ሦስት ልጆች አስከትላ የሚኒ ሚዲያው በር ላይ ቆመች።

«እኛ ክፍል አርባ ሰባት ነን፤ አርባ ሁለታችን አዲሱን መርጠናል። አንድ ላይ ነው የጻፍነው። ታዲያ ከሌላው ክፍል ሁሉ ለአዲሱ አሥራ ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው የመረጠው? ሙድ እየያዛችሁብን ነው?»

ፌንጣ የውጤት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ዳኛ ቀደማት።

«የቆጠረችው እሷ ናት። ቆጠርኩ ካለች ቆጥራለች።»

«አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን እሷን አውቃታለሁ። ውሸት ከሆነ እኔን ውሸታም በሉኝ።»

አሉት እንጂ! ሰኞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ዳኛው ጉቦ በላ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ማክሰኞ ሜዳ ላይ ጥፋት ተሠራብኝ ብሎ እጁን ሲያወጣ ልጆቹ ሳቁበት። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ የፊዚክስ መምህሩም አስጠሩት። ተመልሶ ሲመጣ ፌንጣን ቀና ብሎ አላያትም፤ ግን አልጠየቃትምም። ቢጠይቃት ይሻላት ነበር።

እሁድ ከሰዓት ወንድሟ ደወለ። እሷ ለቀናት ስትጠብቀው የነበረ ስልክ ነው። ከጀርባው ብረት ይንኳኳል፤ እሁድም ይሠራሉ ማለት ነው።

«አንቺ ፌንጣ! አሁንም ትዘያለሽ?»

«ስማ፣ መክፈቻህ አሸነፈ! የድሮው! አይቀየርም!»

«የቱ መክፈቻ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ያንተ ነዋ። የመጋዝ።»

«እንዴ! እስካሁን በሱ ነው የምትከፍቱት?» ከልቡ ሳቀ። «ያ ቅጂ እኮ መሀሉ ላይ ይንጫጫል። ሼም ነው! አዲሱን አልሰማችሁም እንዴ? እኛ እዚህ የምንበይደው በሱ ነው። ለእማዬ ልኬላት ነበር፤ ሰማችው?»

«እማዬ? ራፕ?»

«ጠይቂያት እስኪ…» ብሎ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ፌንጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። ስንት ነገር ልትነግረው ነበር፤ አንዱንም አልነገረችውም።

እናቷ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሰው ወጥቶ እስኪገባ ልቧ አያርፍም፤ ፌንጣ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች መንገድ ዳር ቆማ ነው የምታገኛት። ከዓመት በፊት በሠራተኞች የንባብ ክፍል ተመዝግባ ፊደል መቁጠር ጀምራለች። በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ አጎንብሳ ነበር።

«ስልኩ ተቋረጠብሽ አይደል? ሹራብ ይልበስ አላልሽውም? እዚያ ነፋስ አለ አሉ» አለች። ከዚያ ፌንጣን አስተውላ አየቻትና «ፊትሽ ምን ሆነ ልጄ?» አለች።

«ምንም አልሆንኩም። እማዬ፣ የመጋዝን ዘፈን ልኮልሽ ነበር?»

እናቷ እንደ ተማሪ አፈረች። ደብተሩን በእጇ ሸፈነች፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ ገፋ አደረገችላት።

«እስኪ እዪልኝ፤ ልክ ነው? እስከዚህ ነው የደረስኩት።»

ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አንዳንዱ ከመስመር ወጥቷል፤ እየተፋቀ ተጽፎ ወረቀቱ የሳሳበት ቦታ አለ።

በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ፣ ብርድ ገባ ከኋላዬ፤
ተነሺና ዝጊው እንጂ፣ አትቀመጪ እናትዬ፤
የመጣሁ ቀን አንኳኳለሁ…

«ብቻሽን ነው የጻፍሽው?»

«ማን ይጽፍልኛል? አንድ ቃል እሰማለሁ፣ አቆመዋለሁ፣ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።» በእርሳሱ ጫፍ ግንባሯን አከከች። «የድሮውንማ በግድግዳው በኩል ስንት ዓመት ሰማሁት። ወንድምሽ ይዘላል፣ እኔ ድምፁን ቀንስ እላለሁ። ልጄ ከሚወደው ነገር አንዲት ቃል ሳልይዝ ሄደብኝ። ይሄኛው ግን ቀስ ይላል፤ ይጠብቀኛል።»

ፌንጣ ደብተሩን ወደ እናቷ መለሰች። «ልክ መሆኑን ለማየት መስማት አለብኝ» አለች።

እናቷ ስልኩን ከፈተች፤ ሁለቱም አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመጋዝ ድምፅ መጣ። አርጅቷል። በስንኝና በስንኝ መሀል ትንፋሹ ይሰማል፤ ድሮ የት ይደብቀው እንደነበር እንጃ። ፌንጣ እንደ ድሮው እስኪፈጥን ጠበቀችው፤ አልፈጠነም። ከአሮጌው ይበልጣል ልትል አልቻለችም፤ አሮጌውን አሁንም ትወደዋለች፤ ሲዘፈን እግሯ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይሄኛውን ስትሰማ ግን እግሯ ዝም አለ። እናቷ በጣቷ ደብተሩ ላይ ቃል በቃል ትከተላለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ፤ ዘፈኑ ግን ቀጠለ።

«ልክ ነው፤ አንድም አልሳትሽም» አለች ፌንጣ።

«እውነትሽን ነው? እንዳትሸነግዪኝ።»

«እውነቴን ነው እማዬ።»

ይህን ስትል ፊቷ ጋለ። ያን ሳምንት የተናገረችው የመጀመሪያው እውነት ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም።

ወረቀቶቹ አልተጣሉም ነበር። በፌስታል ተጠቅልለው ከወንድሟ ፍራሽ ስር ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ከደወሉ በፊት ሚኒ ሚዲያው ክፍል ገብታ ዳኛ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰማንያ ስምንት ለአዲሱ። ገልብጬ ነው የጻፍኩት። እናቴ ምንም አልጣለችም።»

ዳኛ ፌስታሉን ፈታ። ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የኳሱ ወረቀት ጋ ሲደርስ አልሳቀም።

«ስላንቺ ማልኩ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ጉቦ በላ ሲሉኝ እንኳ አንቺን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን?»

ስለ ሁለቷ ሰከንድ ልትነግረው አፏን ከፈተች። በቂ ምክንያት አልመስላት አለ። «መክፈቻው ውስጥ የወንድሜ ድምፅ አለ» ብቻ አለች።

ዳኛ ወረቀቶቹን ወደ ፌስታሉ መለሳቸው። እሱም መክፈቻውን ዓርብ ዓርብ ሲሰማ ነው የኖረው። «ለመምህሩ እኔ አልነግርም፤ ለግቢውም እኔ አልናገርም» አለ። «ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴም አይደለም።»

«እኔ ነኝ የምናገረው።»

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ፌንጣ ማሰራጫው ፊት ተቀመጠች። የፊዚክስ መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ዳኛ ከጎኗ አለ፤ ወንበሩን ግን ትንሽ አርቆታል። ጣቷ መክፈቻው የሚለቀቅበት ቁልፍ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ተነሳ። ማይኩን ብቻ አበራች። ድምፅ ማጉያው ጭር ብሎ ሲቀር ከሜዳው አንድ ልጅ ጮኸ፦ «ዘፈኑስ? ተኛችሁ እንዴ!»

«ደህና አረፈዳችሁ» አለች ፌንጣ። የገዛ ድምፅዋ ከግቢው ጫፍ ተመልሶ ሲመጣ ሰማችው። «ዛሬ ያለ መክፈቻ ነው የምንጀምረው። ለምን እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ።»