የጄኔራሉ ላባ

«ሁለቱም ሴት!» አባቷ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። «ሁለት ሴት በቀቀን አንድ ላይ ዘግቼ ስንት ዓመት ጫጩት ስጠብቅ ኖርኩ! ጎረቤት ሰምቶ ይሳቅብኝ እንግዲህ!»

ልጅቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከሽቦው ቤት ሥር ቀና አለች። ኩሳቸውን የምትጠርገው እሷ፣ ውሃቸውን የምትቀይረው እሷ፤ ምስጋናው ግን ለታላቅ ወንድሟ ነው። ቤተ ሙከራው ፆታቸውን ለሚለየው የዲኤንኤ ምርመራ ከደረታቸው ላባ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ የየአንዳንዳቸው ለብቻው በፖስታ እንዲላክ ሲጠይቅ፣ ሥራው የተሰጠው ለእሱ ነበር። «እሱ ወንድ ነው፣ አይፈራም» ተብሎ።

የማይፈራው ወንድ፣ ጄኔራሉ የሚሉት ተናካሹ በቀቀን አፉን ገና ሲከፍትበት በሩ ጋ ተገኘ። ከዚያ ሁለቱንም ላባ ከለማዳዋ በቀቀን ከእመቤት ነቅሎ በሁለት ፖስታ ከተተ። እሷ ፎጣ ይዛ ቆማ አይታዋለች።

«ነገ ጠዋት ይሄን ተናካሽ ለወፍ ነጋዴው ሰጥቼ በወንድ እለውጠዋለሁ» አለ አባቷ።

ወንድሟን ኮሪደር ላይ ያዘችው። «ሂድና እውነቱን ለአባዬ ንገረው።»

«አቦ ተይኝ! እንዲገለኝ ነው? ለአንድ ወፍ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ጥፍሩን ሊያስቆርጡት የወሰዱት ቀን እመቤት እህል እንዳልቀመሰች ረሳኸው?»

«ትለምዳለቻ! አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ። አለቀ።»

አለቀ! እዚህ ቤት ነገር ሁሉ እሱ ሲደክመው ያልቃል፤ የቀረውን ጠራጊዋ እሷ ናት። በበሩ ስታይ ሁለቱ ወፎች እንጨታቸው ላይ ተጣብቀዋል። እመቤት የጄኔራሉን አንገት ታክለታለች፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ፣ ሰው ሲያከብረው ጎንበስ እንዳለ ሽማግሌ ተቀምጧል።

የምድጃ ጓንቱን አጠለቀች። ፎጣውን አነሳች።

«አንቺ! ምን ልትሠሪ ነው?» አለ ወንድሟ ከኋላዋ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

የሽቦውን በር ከፈተች። ጄኔራሉ አንድ ዓይኑን ገልጦ አያት፤ ላባው ተነፋ።

«አባዬ» አለች ሳትዞር፣ «ንጹሕ ፖስታ ይዘህልኝ ና። የጄኔራሉ ላባ ገና አልተላከም።»

ሶፋው ሲንቋቋ ሰማች። ወንድሟ ከኮሪደሩ አልተነቃነቀም። እሷ እጇን አስገባች።