ከብሎኑ ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም

ፌሮው የአባቷ ቀኝ እጅ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ያን ያህል አልነበረም፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያህል ነው። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

ከቁጣዋ ፍጥነት የተነሳ «ብልጭታ» የሚሏት ልጃቸው ከመኪና ሥር ተስባ ስትወጣ፣ አባቷ የጋራዡ ወለል ላይ ተንበርክከው እጃቸውን ታቅፈዋል። ጎርፍ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ አጥማጅ ፌሮውን ለሁለተኛ ጊዜ አንስቷል። ሁለተኛው ምት ግን አላረፈም፤ ከኋላ የመጣ ወጣት ክንዱ ላይ ተጠመጠመበት። ጎርፍ በክርኑ መታው። የወጣቱ ቅንድብ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው፤ አለቀቀም።

«ጋሼ፣ በቃ። ሽማግሌ እኮ ናቸው።»

በደም ከተሸፈነው ፊት መሐል አንድ ዓይን ብልጭታን አየ። ይቅርታ የሚለምን ዓይን ነበር። እሷ ግን በእጇ የነበረውን የብሎን መፍቻ ወረወረችበትና ትከሻውን አገኘችው። ከዚህ የከፋ መተዋወቂያ ካለ እኔ አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ወንድማማቾች አንድ ጀልባና ጀልባዋን ከሐይቁ የሚያመላልሱበት ተጎታች ነበራቸው። የተጎታቹን የመብራት መስመር እንደ አዲስ የዘረጉት የብልጭታ አባት ናቸው። ወር ሳይሞላው፣ ሲመሻሽ፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ የተጎታቹ የኋላ መብራት ጠፋ፤ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪናም አላያቸውም። መካከለኛው ወንድም ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠብቅ ነበር። ከስብርባሪው መሐል ሲያወጡት ትንፋሽ አልነበረውም። ታላቅየው ጎርፍ ወንድሙን ቀብሮ በሳምንቱ ፌሮ ይዞ መጣ።

አባትየው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሳውን ያሰርኩት በባዶ ብረት ላይ ነው። ማሳ ማለት ከመብራቱ ወጥቶ ከተጎታቹ ብረት ጋር በብሎን የሚታሰር ሽቦ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ እሱ ከተበላሸ መብራት የለም። እጃቸው ጠማማ ሆኖ ዳነ፤ ካቻቢቴ መጨበጥ ግን አቃተው። ብልጭታ ሥራቸውን ተረከበች፤ ያንኑ ቃል በደገሙ ቁጥርም «አውቃለሁ አባባ» ትላቸዋለች። የአባቷ ዓይን ከደከመ ግን ቆይቷል። ተሳስተው ቢሆንስ? ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

በሦስተኛው ወር ታናሽየው፣ ያ ቅንድቡ የተተረተረው፣ በአደጋው ቀለሙ የተላላጠውን ሰማያዊ ተጎታች እየጎተተ በራፉ ላይ ቆመ። ብልጭታ መዶሻ አንስታ ወጣች። አንድ እርምጃ ብትጨምር ጭንቅላትህን ለሁለት እከፍለዋለሁ አለችው። አልጨመረም፤ አልሄደምም።

«አስበይደነው ሁለት ባለሙያ አየው» አላት። «ቆሞ ሲሞክሩት ይበራል፤ መንገድ ላይ ይጠፋል። ወንድሜ ለምን እንደሞተ ማወቅ አለብኝ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ?»

መዶሻውን አየት አደረገ። «የሆዱን በሆዱ የማይዝ ሰው ፈልጌ ነው።»

መዶሻውን አስቀመጠች።

አምፖሎቹ ውሃ ገብቶባቸው ነበር፤ ቀየረቻቸው። ሶኬቱን ከዝገት አጸዳች፣ ፊውዙን አየች፣ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ተከተለችው። የመጀመሪያውን ቀን «ያዝ» እና «ልቀቅ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። በሁለተኛው ቀን ሽቦ ጣቱን ቆረጠው። ሳታስበው በጨርቅ አሰረችለት፤ ካሰረችም በኋላ እጁን ቶሎ አለቀቀችውም። እሱም እጁ የራሱ መሆኑን የረሳ ይመስል እዚያው ተወው።

በሦስተኛው ቀን ተጎታቹ ላይ ወጥቶ እንዲዘል አዘዘችው።

«ልዝለል?»

«መንገዱን እዚህ ድረስ ማምጣት አልችልማ።»

ይህን የሚያህል ሰውዬ እንደ ፍየል ግልገል ዘለለ። መብራቱ ጠፋ፤ በራ፤ ደግሞ ጠፋ። ጨምር፣ ጨምር እያለች ሳቀች፤ ከሦስት ወር ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እሱ መዝለሉን ረስቶ ቆሞ አያት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው፤ ብልጭታ ሳቋን ስትጨርስ ራሷን ያገኘችው ወንዙ መሐል ነው። የአባቷን እጅ የሰበረውን ሰው ወንድም ወዳለች። በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን ፍቅሩን አላበረደውም።

ከባትሪው ረጅም ሽቦ ስባ ከመብራቱ ማሳ ጋር አገናኘችው። አሁን ቢዘል፣ ቢንገጫገጭ፣ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው ጥፋቱ ማሳው ላይ ነው፤ አባቷ ባሰሩት ብሎን ላይ። ብሎኑን ፈታችው።

ከሥሩ ባዶ ብረት የለም። ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ተጎታቹ ሲቆም በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ሾልኮ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይቋረጣል። አባቷ በሠሩት ጊዜ ተጎታቹ ዝገት ብቻ እንደነበር ትዝ አላት። ቀለሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀና ስትል የታናሽየው ፊት አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አለ። «ወንድሜ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው። ዝገቱን ይጠላው ነበርና ላስደስተው ብዬ። ከሥር እንዳይዝግም እያንዳንዱን ብሎን ፈትቼ ቀባሁ። መልሼም አጠበቅሁት።»

ሰነፍ ቢሆን ኖሮ፣ ላይ ላዩን ቀብቶ ቢተወው ኖሮ፣ ወንድሙ ዛሬ በሕይወት ነበር። ይህን ማንም አልተናገረውም፤ ሁለቱም ግን ገብቷቸዋል።

ብልጭታ ጎርፍን አሰበችው። በጥርጣሬ ብቻ እጅ የሰበረ ሰው እውነቱን ሲያውቅ ምን ሊያደርግ ነው? ጥገናው እንደሆነ ቀላል ነው፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱን ማውጣት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከተፋቀ በኋላ ግን ማስረጃ አይኖርም። ብርጭቆ ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር። የአባባ እጅ እንደሁ አይመለስ ብላ ራሷን አታለለችና ጎንበስ አለች።

እጇን ያዛት።

«አትንኪው። ጋሼ ይየው።»

«ይገድልሃል።»

«አውቃለሁ። አባትሽ ግን ጥፋተኛ ተብለው አይሞቱም።»

ቅባት በነካው እጇ ፊቱን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ደረቱን ገፋ አድርጋ፣ እያለቀሰች፣ ሂድና ጥራው አለችው።

ጎርፍ መጣ። ቀለሙን አየ፤ ታናሹ የሚለውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መታው፤ በቡጢ፣ በጉልበቱ፣ ሲወድቅም በእግሩ። ታናሽየው ለመከላከል እንኳ እጁን አላነሳም። ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጎርፍ ግድግዳው ሥር የተጋደመ ፌሮ አነሳ። ብልጭታም መዶሻዋን አንስታ ባለ በሌለ ኃይሏ ክንዱ ላይ አሳረፈችው። ፌሮው ከእጁ ወደቀ። ዞሮ ጉሮሮዋን አነቃትና ከግድግዳው ጋር አጣበቃት።

«የአባቴን እጅ ሰበርክ» አለች በታነቀ ድምፅ። «ወንድምህንም ጨርስ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥፋተኛ ፈልግ።»

አባትየው ሁከቱን ሰምተው ወጥተው ነበር። ጠማማ እጃቸውን የጎርፍ ክንድ ላይ ጣል አደረጉት። ምንም ሊጨብጥ የማይችል እጅ ነው።

«ልጄ፣ አንዱን ቀብረሃል» አሉት። «ስንት ልትቀብር ነው?»

ጎርፍ ያን እጅ በደንብ ያየው ያኔ ነው። ልጅቷን ለቀቃት። ከወደቀው ወንድሙ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠና በቀብሩ ቀን ያላለቀሰውን አለቀሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። በማግስቱ ጠዋት ግን ጋራዡ ሳይከፈት ደረሰና አባትየው ማንሳት ያቃታቸውን ሁሉ ያነሳላቸው ጀመር።

ብልጭታና ታናሽየው ከዓመት በኋላ ተጋቡ። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እሷም እጁን ታወርድበታለች።

ጎርፍ ወንድሙን ይቅር ይበለው አይበለው እስካሁን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረውም። አብረው ያጠምዳሉ፤ አብረው ይመለሳሉ። ከሐይቁ ከመነሳታቸው በፊት ግን ጎርፍ መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬኑን ይረግጥና ይጠብቃል። ታናሹ ከኋላ ሄዶ፣ ብሎኑ ዙሪያ ቀለሙ የተፋቀውን ጠባብ ብረት በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ መብራቱንም ያያል።

«በርቷል» ይላል።

ጎርፍ ይህን ሳይሰማ አይንቀሳቀስም።