የዓርቡ ቀነ ገደብ

የውርስ አጣሪዋ ሰባ አንደኛውን ዕቃ፣ በር ሥር የቀረውን የባሏን ነጠላ ጫማ፣ እየመዘገበች ሳለ መርማሪዋ በሩን አንኳኳች። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ዘግይቶ ደርሶ ነበር። ሟቹ ከደረጃው አዳልጦት አልወደቀም፤ ክንዶቹን ተጨምድዶ ተይዞ ተገፍቷል። ሴትየዋ ይህን ሰምታ «ይግቡ» አለች። እንባዋ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ የት እንደገባ አታውቅም።

አጣሪ ያደረጋት የባሏ ኑዛዜ ነው። እሱ ከሞተበት ቀን አንሥቶ በአርባ ቀን ውስጥ ንብረቱን አንድ በአንድ መዝግባ ለፍርድ ቤት ካላስገባች ወራሾቹ ሊያስነሧት ይችላሉ። የእሱ እጅ የነካውን ባዕድ እንዲቆጥረው አልፈለገችም።

እኅቷን አስታምማ ማክሰኞ ጠዋት ስትመለስ ከደረጃው ሥር እንዳገኘችው ተናገረች። ሐኪሙ «ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይሆነዋል» ብሎ አልፏል፤ የሞት ምስክር ወረቀቱም የተገኘበትን ማክሰኞን ይዟል። ሰኞ ስልክ ደውላለት እንዳላነሣ ግን አልተናገረችም። ያኮረፈ መስሏት ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ትበሳለች። የቤቱ ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱን ጠየቀች። የሴትየዋ የእንጀራ ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ አስከሬኑ ከመገኘቱ በፊት ባለው ዓርብ አባቷን በስልክ አነጋግራው ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተከራይ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርኩ አለ። የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከመሞቱ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዳላየው ማለ።

ከዚያ ወስፌ ቁም ሣጥኑ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አየች፦ «ዝርዝሩ እስከ ዓርብ፣ በ18 ይግባ።»

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም። በቀብሩ ዕለት ‹እትዬ፣ ቀኑ እንዳያልፍብሽ› ብሎ ለጠፈልኝ። ተሳስቶ ነው መሰለኝ፤ በምስክር ወረቀቱ አርባው የሚሞላው እሑድ፣ በ20 ነው።»

ወስፌ ዝርዝሩን ተቀብላ አርባ አራተኛው ላይ ቆመች። «‹የእናት ውርስ ማኅደር፣ ባዶ።› ባዶም ይመዘገባል?»

«ያገኘሁትን መመዝገብ ግዴታዬ ነው። የእናታቸው ውርስ አጣሪ ባሌ ነበር።»

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ወስፌ ማመልከቻ ጸሐፊውን ስለ ወረቀቱ ጠየቀችው፤ ቆጠራው ሳይሳሳት አልቀረም አለችው።

ተከራዩ ፈገግ አለ። «ጋሼ? የራሱን ልደት ይረሳ ይሆናል እንጂ የሰው ቀነ ገደብ አይረሳም።»

ማመልከቻ ጸሐፊው ሙያው ተነክቶበት ጣቶቹን ዘረጋ። «ሕጉ ከማግሥቱ ነው የሚቆጥረው። ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ…»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ሰኞን አንድ ካሉ የሞተው እሑድ ነው» አለች ወስፌ ድምጿን ሳታነሣ። «ሐኪሙ እንኳ ቀኑን መለየት አልቻለም። ሁለት ሳምንት አላየሁትም ያሉት እርስዎ ግን በቀብሩ ዕለት ያውቁት ነበር። እጅዎ ልማዱን ጻፈ። ይህች ባዶ ማኅደር ደግሞ ለምን እንደገፉት ትናገራለች፤ ዛሬ ጠዋት መሬት አስተዳደር ሄጄ የእናትዎ ቦታ በስምዎ መዞሩን አይቻለሁ።»

ሰውየው የዘረጋቸውን ጣቶች አጠፈ። «ቦታውን ከእናታችን ንብረት ጋር እመዘግበዋለሁ አለኝ። ወንድሜ አይደለህም ወይ ብዬ ያዝኩት። ‹አጣሪ ነኝ› አለኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ሸፈነች። ሚስትየው ብቻ ቀና ብላ አየችው።

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«ወዲያው ነው፣ እትዬ።»

እንግዲያው ሰኞ አላኮረፈም ነበር።

ፖሊሶቹ ዋርሳዋን ይዘውት ሲወጡ እስክሪብቶዋን አንሥታ ዝርዝሩ አናት ላይ «ማክሰኞ» የሚለውን ሰረዘችና «እሑድ» ብላ ጻፈች።

«ምስክር ወረቀቱ እስኪታረም እኮ ጊዜ አለዎት» አለቻት ወስፌ።

«የለኝም። አርባው ዛሬ ነው የሚሞላው።»

መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ዝርዝሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሰባ አንደኛውን ዕቃ በር ሥር እንደነበረው አስተካክላ አኖረችና ወጣች።