የሊቀ አንጀት የመጨረሻ ብርጭቆ

ፕሮፌሰሩ እንደኖረው ሞተ፤ ራሱን ከፍ አድርጎ። በቤተ ሙከራው ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ገና ንግግር ሊያደርግ ያሰበ ይመስላል። ከጀርባው የራሱ ፎቶግራፍ ግድግዳውን ሞልቶታል። ከፊቱ ባዶ ብርጭቆ አለ። አጠገቡ ባለው የሽቦ ቤት ውስጥ ደግሞ ነጫጭ አይጦች እግራቸውን ሰቅለው ሞተዋል።

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው የአይጥ አንጀት ሲመረምር ነው። አይጥ ሲያረጅ የትንሹ አንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን ይሳሳል፤ ሴሎቹም እንደ ወጣትነቱ ቶሎ ቶሎ አይተኩም። እርሱ ግን ይህን ሽፋን እንደገና ወጣት የሚያደርግ መድኃኒት አገኘሁ አለ። ማታ በጠርሙስ በጥብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ጠዋት ሽማግሌዎቹ አይጦች ከቀመሱ በኋላ የተረፈውን ራሱ ይጨልጠዋል፤ እንግዳ ካለማ እያጣጣመ። የታከሙትን አይጦች አንጀት ግን ከእርሱ በቀር ማንም እንዲከፍት አይፈቅድም ነበር፤ ራሱ ከፍቶ ያሳያል እንጂ። ባልደረቦቹ በሌለበት «ሊቀ አንጀት» ይሉታል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የሟቹ የእህት ልጅ እጇ በካቴና ታስሯል። የቢሮው ጸሐፊ ናት፤ ጠርሙሱን የከፈተችውም እርሷ ናት። ለፖሊሱ ይህ በቂ ነበር። ኢንስፔክተሯን ጓደኞቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ትወጋለች። ፖሊሱን ገላምጣው ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ ንገሪኝ እህቴ፣ ጠዋት ምን አደረግሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው። መጀመሪያ ለአይጦቹ፣ ቀጥሎ ለጋሼ ቀዳሁ።»

«አይጦቹ እንዴት ነበሩ?»

«እኔ ምን አውቄ? ፊቴን አዙሬ ነው መጠጫቸው ላይ የምገለብጠው። በእናቴ አጽም፣ አይጥ ሳይ ይሰቀጥጠኛል። ይህንን ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ ይስቁብኛል።» ካቴናውን ተመለከተች። «ዕድሜ ልክ ያስፈርዱብኛል አይደል?»

የሟቹ ሚስት በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ጥቁር ልብስ ለብሳለች፤ ከንፈሯን ግን መቀባት አልረሳችም።

«እናቷ ስትሞት ተሸክመን ያመጣናት ልጅ ናት» አለች። «ውለታችንን ይኸው መለሰችልን! ምክትሉን ዶክተርማ እንዳትጠረጥሩት። ለአይጦቹ ሲያለቅስ ብታዩት አንጀታችሁን ይበላዋል።»

«ለባልዎስ አለቀሰ?»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ ፈለገች። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይሉሃል ይኼ ነው።

ምክትሉ መስኮቱ ዘንድ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ግን እንደተተኮሰ ነው።

«ሁለት ዓመት!» አለ። «አንድ አይጥ እስኪያረጅ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሰው ይተካል፤ እነርሱ አይተኩም። የገዛ ልፋቴን በገዛ እጄ እመርዛለሁ?»

«እውነትዎን ነው። አላዋቂ ነኝና ይታገሱኝ፤ መድኃኒቱ ጸጉርም ያሳምራል?»

በአፍንጫው ሳቀ። «ጸጉር ቤት መሰልንዎት እንዴ? ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ አይገባም። የሚያድሰው አንጀት ብቻ ነው።»

ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረ። «ይቅርታ፣ መኪናዬን ጥላ ስር ላድርጋት፤ ፀሐይ መታት።»

«የአለቃዎ ሬሳ ሳይነሳ መኪናዎ ፀሐይ መታት? ማንም አይወጣም።»

ከዚያ በኋላ ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ኢንስፔክተሯ ጓንት አጥልቃ አንዱን የሞተ አይጥ አገላበጠች። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ የሽቦ ቤት አጎነበሰች። በሩ ላይ እንደተጻፈው፣ እዚያ ያሉት በዕድሜ ከሞቱት ጋር እኩያ ሲሆኑ መድኃኒቱን ግን ቀምሰው አያውቁም። ፖሊሱን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ላከችው፤ ሌሎቹን ሰበሰበች።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ይህችን ልጅ ፍቷት» አለች። «መርዙ ጠርሙሱ ውስጥ ነበር። ማቀዝቀዣው ደግሞ ማታ ለሦስታችሁም ክፍት ነው። ዶክተሩ ግን ጥሩ መከላከያ አላቸው፤ ‹አይጦቼ ሞተውብኛል› ይላሉ። እስቲ ወደዚህ ቅረቡ። እነዚህ ያልታከሙት ሽማግሌዎች ጸጉራቸው ቢጫ ነው፤ ጅራታቸው ሻክሯል። የሞቱትን ደግሞ እዩ። ጸጉራቸው ጥጥ ነው፤ ጅራታቸው ለስላሳ ነው።»

«መድኃኒቱ ነዋ!» አለች ሚስትየዋ።

«መድኃኒቱ ከአንጀት አያልፍም። ይህን ያሉኝ ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሞቱት ሽማግሌዎቹ አይደሉም። አንድ ሰው ማታ ሌሎች ጎረምሳ አይጦች አስገብቶ ሽማግሌዎቹን አውጥቷል። ልጅቷ ፊቷን እንደምታዞር ያውቃል። ሰውየውን ለመግደል አልሳሳም፤ ለአይጦቹ ግን ሳሳ። ታዲያ ፀሐይ እንዳይመታት የሳሳላት መኪና ውስጥ ምን አለ?»

ፖሊሱ በሩን በእግሩ ከፈተው። የያዘው ካርቶን ውስጥ ቢጫ ጸጉር ያላቸው አይጦች በሙቀት ያለከልካሉ። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ አንዷ ሞተች።

ምክትሉ አልካደም። የከፋው ደግሞ አለማፈሩ ነው።

«ነገ ግኝቱን በእርሱ ስም ብቻ ሊያውጅ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «የኔን ስም ፋቀው። እሰሩኝ፤ ሥራው ግን የኔ ነው። ልክፈታትና በዓይናችሁ እዩ።»

«ክፈታ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ከአሁን በኋላ አንቱታው ቀርቶበታል።

ፖሊሱ ሳይርቅ፣ ምክትሉ የሞተችውን አይጥ አንጀት ቆርጦ ውሃ ውስጥ ዘረጋና ማጉያ መሣሪያው ላይ ተደፋ። ቆየ። መሣሪያውን ነካካው፤ ሌላ ቦታ ቆረጠ፤ እንደገና ተደፋ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

ኢንስፔክተሯ ገፋ አድርጋው ተመለከተች። እንደ አዲስ ፎጣ ጸጉር ጥቅጥቅ ብሎ መቆም የነበረበት ሽፋን አልቋል፤ እዚህም እዚያም አጫጭር ጉጦች ቀርተዋል።

«አርጅቷል» አለች። «ሊቀ አንጀት የታከመ ነው እያለ ሲያሳይህ የኖረው የወጣት አይጥ አንጀት ነበር። ለዚህ ነው ሰው የገደልከው።»

ምክትሉ እጁን ለካቴናው ሲዘረጋም ዓይኑን ከመሣሪያው አልነቀለም። ሚስትየዋ ቦርሳዋን አንስታ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ልጅቷ የተፈታ እጇን እያሻሸች ካርቶኑ ዘንድ ቆማለች። በጥም የሚያለከልኩትን አየቻቸው። ንጹሕ ውሃ በሳህን ቀድታ፣ ፊቷን ሳታዞር አጠገባቸው አስቀመጠች።

«አይሰቀጥጥሽም?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ይሰቀጥጠኛል» አለች ልጅቷ። «ግን ከጋሼም ከዶክተሩም እነርሱ ይሻላሉ።»