ለብሩሹ የተቀዳው ሻይ

ሠዓሊው የሞተው የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ነው። ግንባሩን ያልደረቀ ወረቀት ላይ ደፍቶ፣ ብሩሹን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ለልጆች መጽሐፍ የጀመረው ዝሆን አለ፤ ኩምቢው አላለቀም።

በማግስቱ መርማሪው ሲመጣ ሬሳው ተነሥቷል፤ የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው። ሐኪሞቹ መርዝ ነው ብለዋል። መርዙም የተገኘው ከቀለም ሣህኑ አጠገብ በነበረው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ሻዩን ያፈላችው ሚስቱ ናት። ስለዚህ በሩ ላይ ካቴና ይዘው የቆሙት ሁለት ፖሊሶች የሚጠብቁት እሷን ነበር። ልጇን አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ይዘዋት ቢሄዱ ሕፃኑን ለማን እንደምትተው ገና አላወቀችም።

«አለቃ፣ ምን ያደክምዎታል?» አለ የሟቹ ወኪል። «ነገሩ እንደሆነ ፀሐይ የሞቀው ነው።»

ወኪሉ የሠዓሊውን ሥራ ለአሳታሚዎች የሚያሻሽጥ፣ ራሱን «ቀኝ እጁ ነኝ» እያለ የሚያስተዋውቅ ሰው ነው። ሲገባ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ሥዕል ረግጦ አለፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን ሳይሆን ጫማውን ጠረገ። መርማሪው ይህን አየ።

«ትናንት መጥተው ነበር አሉ።»

«መጥቻለሁ። ሻዩ ገና ይጤስ ነበር። ለአሳታሚው ውል የሚመታውን ማኅተም ሊያመጣልኝ ወደ ጓዳ ገባ፣ ተመለሰ፣ አወጋን። እዚህ ከእጁ ሥር ያለውን ብርጭቆ አንሥቶ ጭልጥ ሲያደርገው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ።»

«ውክልና ሰጥቶዎታል?»

«ሙሉ ውክልና። ሐኪም ቤት ገብቶ ዓይኑን ሊቀደድ አልነበር? ታሽጎ ሲተኛ ማን ይፈርምለት? ማን ያስረክብለት? አርቲስት መቼም ከቀለም ሌላ አያውቅም።»

«የመሻር አሳብስ አልነበረውም?»

«መሻር? ከማን ጋር ተጣልቶ? እንደ ወንድማማች ነበርን እኮ።»

መርማሪው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ብርጭቆው እስከ አፉ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሻዩ ግራጫ ሆኗል፤ የቀለም አተላ ከሥሩ ተኝቷል። ሌላ ብርጭቆ ደግሞ ራቅ ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ባዶ ነው፤ መርዝም አልተገኘበትም።

በሩን ከኋላው ዘግቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«እመቤት፣ ባልሽ ብቻውን ሆኖ ሁለት ሻይ ምን ያደርግለታል?»

ሚስትየው ቀና አለች። «አንዱ ለብሩሹ ነው።»

«ለብሩሹ?»

«ሥራ ሲይዘው ውሃና ሻይ አይለይም። ብሩሹን እጁ አጠገብ ያገኘው ውስጥ ይነክረዋል። ውሃ ሳስቀምጥለት ሻዬ የታለ ብሎ ይነጫነጫል። ስለዚህ አንዱን እጁ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ያ የብሩሹ ነው። የሚጠጣውን መስኮቱ ላይ አደርግለታለሁ። ለመጠጣት መነሣት ስላለበት ያን ጊዜ ብሩሹን ያስቀምጣል።»

አጠገቧ የተቀመጠችው የሟቹ ታላቅ እህት አፍንጫዋን ጠረገች። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እናታችንም እንዲሁ ነበር የምታደርግለት። ትናንት ከዚያ ወኪል ከተባለው ሰውዬ በኋላ መጥቼ እንደ ልማዱ ብሩሹን ከብርጭቆው እያወጣ በከንፈሩ ሲያሾለው ‹አንተ፣ ዛሬም ቀለም ትልሳለህ?› ብዬ ስቄበት ነው የሄድኩት።»

«እትዬ፣ የውክልናውን ነገር ንገሪያቸው» አለች ሚስትየው።

«ምኑን ልንገር? ዓይኑ ደክሟል፤ ያ ሰውዬ ያነበበለትን አምኖ ፈረመ። ውል እንዲዋዋልለት ብቻ ነበር የፈለገው። እኔ ሳነብለት ሥዕሎቹን ሁሉ ለፈለገው እንዲሸጥ ይላል። ዛሬ ጠዋት ውልና ማስረጃ ሄደን ልናስሽረው ነበር። ለማንም አልነገርንም። ወንድሜ ግን አንጀቱ ቡቡ ነው፤ ፊት ለፊት ሳልነግረው አልሽርም ሲል ነበር።»

መርማሪው ሁሉንም ወደ ሥዕል ክፍሉ ጠራ። ፖሊሶቹም ገቡ።

«ሻዩ ሁለት ነበር» ብሎ ጀመረ። «አንዱ ለሰውየው፣ አንዱ ለብሩሹ። ሚስቱ ልትገድለው ብትፈልግ መርዙን የምትጨምረው መስኮቱ ላይ ባለው ነበር። ብሩሽ ለመግደል ማን ይደክማል? እህቱም ይህን ልማድ ከልጅነቱ ታውቃለች። መርዙን እዚህኛው ውስጥ የጨመረው፣ ሰው ከእጁ ሥር ያለውን ሻይ ይጠጣል ብሎ የገመተ ነው። ግምቱ ስሕተት ነበር፤ ሠዓሊው አልጠጣውም። ብሩሹን እየነከረ፣ በከንፈሩ እያሾለ፣ በጥቂት በጥቂቱ ላሰው እንጂ።»

ወደ ወኪሉ ዞረ። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» አላለውም።

«አንተ ግን ጭልጥ ሲያደርገው አየሁ አልክ። የተጨለጠ ብርጭቆ ሞልቶ አይገኝም። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ሥራ እየበላህ፣ ሰውየው ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለህ አላየኸውም። ቀኝ እጁ ነኝ ትላለህ፤ ቀኝ እጁ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።»

ወኪሉ ፈገግ አለ። «ጌታዬ፣ ለምን እገድለዋለሁ? ውክልናው በኪሴ ነው።»

«ነበር። ውክልና ከሰጪው ጋር ይሞታል። ያ ወረቀት ከትናንት ጀምሮ የቆሻሻ መጣያ ነው የሚጠብቀው።»

«እንዴት ይሆናል?» ወኪሉ ብድግ አለ። «እሱ እኮ ሳይሽረው ነው የሞተው! ሽረቱ ለዛሬ ጠዋት ነበር...»

እህትየው ወደ ሚስትየው ዞረች።

«የመሻር አሳብ የለውም ስትለኝ አልነበር?» አለ መርማሪው። «ፊት ለፊት ነግሮሃል። ማኅተሙን ሊያመጣ ሲገባ፣ የሞተ ሰው አይሽርም ብለህ ፈጠንክ። የሞተ ሰው ሁሉንም ነው የሚሽረው። ጠዋት ሊደክምበት የነበረውን አንተ በዋዜማው ጨረስክለት።»

ፖሊሶቹ ቀረቡ። ወኪሉ እጁ እየተያዘ ጥቂት አሰበና ወደ መርማሪው ዞረ።

«እንግዲያው የአሳታሚው ውልስ?»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ የተረገጠውን ሥዕል ከወለሉ አነሣና በእጅጌው ጠርጎ ለሚስትየው ሰጣት። እሷም ልጇን ወደ አንድ ክንዷ አዛውራ ተቀበለችው።